የሹፌር ምሳ

ይህን ነገር ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከንዴቴ ግማሹ በራሴ ላይ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ "ታሜ፣ አታካብደው፣ ምሳ እኮ ነው" በሚሉኝ የሥራ ጓደኞቼ ላይ ነው። እሺ፣ ስለዚያ ምሳ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

አገር ቤት ከሆሳዕና አዲስ አበባ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበርኩ። በአገር አቋራጭ መኪና የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አውቶቡሱ ለምሳ የሚቆመው ተሳፋሪው ደስ ያለው ቦታ አይደለም። ሹፌሩ ደስ ያለው ቦታ ነው። ሹፌሩን ደስ የሚለው ደግሞ እሱና ረዳቱ በነፃ የሚበሉበት ቤት ነው። ተሳፋሪው ቡታጅራ ላይ ወርዶ የቀዘቀዘ ወጥ ሲቀርብለት እኛ ጓዳ ገብተን ለእኛ ተብሎ የተጠበሰ ጥብስ እንበላ ነበር። ነውር ነው ያለን ሰው አላስታውስም። የሹፌር ምሳ ነዋ።

ይህንን ልማድ ሻንጣችን ውስጥ ከትተን ሲያትል ድረስ አመጣነው። ኤርፖርት ተሰልፈን መንገደኛ የምናነሳ አበሻ ሹፌሮች ብዙ ነን። እንግዳ መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሳያስር "እዚህ ከተማ ምን ጥሩ ምግብ አለ?" ይላል። ያኔ መሪያችን በራሱ ጊዜ ኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለችው ቱክዊላ ይዞራል፤ ወደ እትዬ ዘነበች ቤት። እትዬ ዘነበች እንግዳ ላመጣ ሹፌር ምሳ ያበላሉ። እንግዳው የሕንድ ምግብ ቢልም፣ የታይ ቢልም "ከዚያ የሚሻል አለ" ብለን እሳቸው በር ላይ እናወርደዋለን። ስሙንም አሳምረንለት ነበር፤ ወገን ለወገን እንለዋለን።

ታሪኩ ከመሆኑ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ራህማ የምትባል የኬንያ፣ የሞምባሳ ሴት እዚያው ግቢ ውስጥ የስዋሂሊ ምግብ ቤት ከፈተች። ከእትዬ ዘነበች በር እስከ ራህማ በር አርባ እርምጃ ቢሆን ነው፤ መሃሉ ፓርኪንግ ነው። በከፈተች ሳምንት ትሪ ሙሉ ማሃምሪ ይዛ ሹፌሮች ወደምንጠብቅበት ቦታ መጣች። ማሃምሪ ማለት ሄል ሄል የሚሸት፣ በኮኮናት ወተት የተቦካ ቦምቦሊኖ ነው። ትሪውን ባዶ አደረግንላት። የስዋሂሊ ምግብ የሚጠይቅ መንገደኛ ካጋጠመን እንድናስታውሳት ለመነችን። "ኖ ፕሮብሌም፣ ሲስተር" አልናት፤ አፋችን ገና በዘይት እንደወዛ።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች ምሳ ላይ ሰበሰቡን። "ልጆቼ፣ እኔ ማንንም አልከለክልም፤ እዚያ በር ላይ ሰው ያወረደ ግን እዚያው ይብላ" አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ የስዋሂሊ ምግብ የሚጠይቅ ሲመጣ የሁላችንም መልስ አንድ ሆነ፦ "ነበረ፤ ተዘግቷል።"

እኔ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብዬ ከአገር ወጥቼ ሞምባሳ ላይ አራት ዓመት ቀርቻለሁ። ወደብ ላይ ጆንያ እየተሸከምኩ ያደርኩት በስዋሂሊ ሴቶች እጅ ነው። አንዲት ማማ ሐዲጃ የምትባል ሴት በሯ ላይ ተቀምጣ በኮኮናት የተሠራ አተርና ማሃምሪ ትሸጥ ነበር። ሥራ ያላገኘሁ ቀን ፊቴን አይታ ሳልጠይቃት ትዘረጋልኝ ነበር። ቋንቋቸውን የተማርኩት እዚያ በር ላይ እየበላሁ ነው። ራህማ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ስዋሂሊ እንደምችል አታውቅም ነበር። ሆን ብዬ ደበቅኋት። ባወራት መግባቴ ነው፤ ከገባሁ መብላቴ ነው፤ ከበላሁ ደግሞ የእትዬ ዘነበች ጥብስ ሊቀርብኝ ነው። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ የሚባለው እንደኔ ያለው ነው።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ፒክ አደረግሁ። የተጠለፈ ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዘዋል። ስማቸው ሳሊም ነው። ኤርፖርቱን ሳንወጣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ "የስዋሂሊ ምግብ የምበላበት ቤት በዚህ ከተማ አለ?" አሉኝ።

"ነበረ፤ ተዘግቷል" አልኩ።

መቼ እንደተዘጋ ጠየቁኝ። ቆይቷል አልኳቸው። ለምን እንደተዘጋ ጠየቁኝ። ሰው ስላልመጣለት ይሆናል አልኩ። ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞረው ውጭ ውጭውን ያዩ ጀመር። ርቧቸው ነው የመሰለኝ።

ቱክዊላ ስንደርስ የራህማ ጽሑፍ እንዳይታያቸው በኋላ በኩል ዞሬ ፓርክ አደረግሁ። ዓይን በጨው መታጠብ ይኸው ነው። ሽማግሌው ከመኪናው እንደወረዱ ቆም ብለው አየሩን አሸተቱ።

"ቅርንፉድ የሚያቁላላ ማነው?" አሉኝ።

የሕንድ ሱቅ ነው አልኳቸው። ራህማ ፒላው፣ ያንን ቅመም የበዛበት ሩዝ፣ እየሠራች ነበር። እኔ ያንን ሽታ ከሞምባሳው አራት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ገብተን ተቀመጥን። ሥጋው ሃላል መሆኑን ጠየቁ፤ እንዳልሆነ ነገርኳቸው፤ በያይነቱ ቀረበላቸው። በዚህ በኩል እንኳ አልዋሸሁም፤ ለዚህም ምስጋና የሚያስፈልገኝ ይመስል ራሴን አመሰገንኩ። ከዚያ እሳቸው ምስሩን በጣታቸው ጫፍ እየነካኩ እኔ ፊት ለፊታቸው ጥብሴን በላሁ። እትዬ ዘነበች ሊያስተናግዱ ሲመጡ ሽማግሌው ያንኑ ጥያቄ ለእሳቸውም ደገሙላቸው። እትዬም በሰባራ እንግሊዝኛቸው፣ ፈገግ ብለው፣ አንድ የስዋሂሊ ቤት እንደነበረና ከተዘጋ እንደቆየ ነገሯቸው። ከሽማግሌው ጀርባ ባለው መስኮት የራህማ በር ወለል ብሎ ይታያል። የተቀመጡት ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።

ወደ ሆቴላቸው ስወስዳቸው ስልክ አውጥተው ደወሉ። የሚያወሩት ከሚስታቸው ጋር ነው፣ በስዋሂሊ። ሹፌሩ ቋንቋውን አይሰማም ብለው ነው።

"ደርሻለሁ" አሉ። "አዎ፣ ጠይቄያለሁ። ሹፌሩንም፣ የምግብ ቤት ባለቤትም። ሁለቱም ተዘግቷል ነው ያሉኝ። ራህማ ዋሽታናለች።"

መታጠፊያዬን አለፍኩት።

"አድራሻዋ ኪሴ ውስጥ ነው" አሉ ቀጥለው። "እሷን ከመጠየቄ በፊት ከተማውን ልጠይቅ ብዬ ነው። የላከችው ፎቶ? ፎቶማ በሰው ቤት ቆሞም ይነሳል። አይ፣ አልሄድባትም፤ የተዘጋ በር ላይ ቆሜ ልጄን ማሳፈር አልፈልግም። ነገ እመለሳለሁ። ለዙሁራ ቀስ ብለሽ ንገሪያት። እናትሽ ዘንድ የምትሄጂበትን ወረቀት አያትሽ ሳይፈርም ይዞት መጣ በያት።"

በስልኩ ውስጥ የሴት ልቅሶ ሰማሁ።

መኪናውን አቁሜ "አባቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሆቴሉ በር ላይ አወረድኳቸው፤ ቦርሳቸውን አቀበልኳቸው፤ አመሰገኑኝ። አመሰገኑኝ፣ ይሰማችኋል?

ሌላ መንገደኛ አንስቼ ሾርላይን ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ምን እንዳወራኝ አላውቅም። ስመለስ ግን ቀጥታ ቱክዊላ ሄጄ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የራህማን በር ገፋሁ። ዘጠኝ ጠረጴዛ አለ፤ ዘጠኙም ባዶ ነው። እሷ ከጓዳ ተጣድፋ ወጣች፤ ደንበኛ መስያት። በስዋሂሊ ሰላም ስላት ፊቷ በራ፤ የበራበት ምክንያት ደግሞ የበለጠ አሳፈረኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት።

ራህማ አልጮኸችም። ሄዳ ምድጃውን አጠፋችና ተመልሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባሏ ሲሞት ዙሁራ አራት ዓመቷ ነበር አለችኝ። አባቷ ልጅቷን ተቀብለው፣ የቆመ ቤት ሲኖርሽ እፈርምና እልክልሻለሁ ብለው ነበር የሸኟት። ዙሁራ አሁን አሥራ ሁለት ሆኗታል።

"እዚያ ማዶ ነው የበላው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ሽታው አልደረሰውም?"

"ደርሶት ነበር። የሕንድ ሱቅ ነው አልኳቸው።"

ዓይኗን ጨፈነች። አሁኑኑ እንውጣ፣ ሆቴሉ ድረስ ልውሰድሽ አልኳት። እምቢ አለች። "እኔ ብሄድ ልመና ይሆናል። ለሱ ስል ዛሬ ድስት የተከራየሁ ይመስለዋል። አንተ የዘጋኸውን አንተው ክፈት" አለችኝ።

ሆቴል ስደርስ ሽማግሌው እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቲኬታቸውን ለነገ ጠዋት አስቀይረዋል። ጎንበስ ብዬ "ሺካሞ" አልኳቸው፤ በስዋሂሊ አገር ለሽማግሌ የሚቀርብ የአክብሮት ሰላምታ ነው። ከልማድ የተነሳ "ማራሃባ" ብለው መለሱና ከዚያ ፊታቸው ቀዘቀዘ። ቋንቋውን እንደማውቅ፣ ስልኩንም እንደሰማሁ ገባቸው። እኔም አላረፍኩም፤ ቤቱ ክፍት ነው፣ ልጅዎ እዚያ ናት፣ የሸተተዎት ቅርንፉድ የሷ ነው፣ የዋሸነው እኛ ነን አልኳቸው።

"ለምን?" አሉኝ።

"ለምሳ።"

ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩት። ሰምተውኛል። "ፊቴ ተቀምጠህ የበላኸው ምሳ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ለረጅም ጊዜ እጆቼን አዩ። "ለምሳ ብሎ የዋሸኝ ሰው፣ ልጄ ብትለምነው ደግሞ ምን የማይል አለ? አሁንስ በምን ልመንህ?" አሉኝ። በመጨረሻ ተነሱ። "ውሰደኝ። ግን አልገባም። በሩ ፊት ለፊት አቁመህ ዝም በል፤ ዓይኔ ይነግረኛል።"

እራት ሰዓት ሊሆን ሲል ግቢው ውስጥ ፓርክ አደረግሁና ዝም ብለን ተቀመጥን። የራህማ መብራት በርቷል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አንድ ሰው አይገባም። ማዶ እትዬ ዘነበች በር ላይ መኪና ይመጣል፣ ሰው ያወርዳል፣ ይሄዳል። የማውቃቸው ሹፌሮች ናቸው። አንድ ሰዓት ሞላን። አሁን ይበልጥ ያናደደኝ ነገር ገባኝ፤ ሁለት ዓመት ስንዋሸው የኖርነው ውሸት እውነት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ትንሽ ብንቆይ በእርግጥም ይዘጋባት ነበር። ሽማግሌው ያንን ባዶ በር እያዩ ነው፣ እኔ ደግሞ ቃሌ የማይታመን ምስክር ነኝ።

ከመኪናው ወርጄ ለጓደኛዬ ለገብሬ ኮል አደረግሁ። "ገብሬ፣ ዛሬ ብቻ፣ ያገኘኸውን ሰው ራህማ ጋ አምጣልኝ፣ ፕሊስ" አልኩት። ሳቀብኝ። "ኖ ዌይ ታሜ፣ ምሳዬን ማን ሊያበላኝ ነው? ለማንኛውም ሁለት ሰው ይዣለሁ፣ እዚያው እየመጣሁ ነው" ብሎ ዘጋው።

መጣም። ሻንጣ የያዙ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አወረደ። ሴትየዋ ወዲያው የራህማን ጽሑፍ አየችና በጣቷ ጠቆመች፤ ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፤ ያንን ምግብ የምታውቀው ትመስላለች። ገብሬ ራሱን ነቀነቀ። ሻንጣዋን ተቀበላትና በሌላ እጁ ወደ እትዬ ዘነበች በር መራት።

"ምን አላቸው?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ተዘግቷል ነው ያላቸው።"

"መብራቱ እየበራ?"

"እየበራ።"

በሩን ከፍተው ወረዱ። ያን ያህል ይፈጥናሉ ብዬ አላሰብኩም። ሰዎቹ ደጃፉ ላይ ሳይደርሱ ከፊታቸው ቆሙና በዚያ በጠራ እንግሊዝኛቸው፣ "ክፍት ነው። የልጄ ቤት ነው። ኑ፣ አብረን እንብላ" አሏቸው። ሴትየዋ ገብሬን አየችው፤ ሽማግሌውን አየች፤ ሻንጣዋን ከገብሬ እጅ ወሰደች። ሦስቱ አርባውን እርምጃ ሲሻገሩ ራህማ በመስታወቱ ውስጥ አየቻቸው። በሩን ስትከፍት እጇ ዱቄት እንደሆነ አባቷ እግር ላይ ተደፋች። ያነሷት እሳቸው ናቸው።

እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ ወጥተው ቆመው ነበር። "ታምራት፣ ይህን ያመጣኸው አንተ ነህ?" አሉኝ። አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። "በል፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያው ብላ" ብለውኝ ገቡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌውን ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ራህማ ከኋላ አብራቸው ተቀምጣለች፤ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ትመስላለች። እኔ የደስታ መስሎኝ "ፈረሙላት?" አልኩ።

"ልጄ አልዋሸችም" አሉኝ። "ቤቷ ጥሩ ነው፤ እጇ የእናቷ እጅ ነው። ዙሁራን ግን ለዚህ ሰፈር አልሰጥም። ማሃምሪዋን የበሉ ጎረቤቶቿ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷ ቆመው የለችም ሲሉ ኖረዋል። ነገ ልጅቷ መንገድ ቢጠፋባት ቤትሽ የት ነው ብሎ የሚመልሳት ማነው?"

እኔ መቼ ሊፈርሙ እንደሚችሉ ጠየቅኩ። "ሰው ቤቷ ሲገባ" አሉ። "እኔ ለምኜ ያስገባሁት አይደለም። በገዛ እግሩ የሚገባ።" ወረቀቱ በዚያች ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ሳይፈረም ሞምባሳ ተመለሰ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ፣ የምታነቡኝ። ይህ ምሳ እኮ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነው? እኛ አበሻ ሹፌሮች ከሰው አንሰን አይደለም። ጓደኛችን ሲታመም በየተራ የምንጠብቅ፣ ሰው ሲሞት ሥራ ጥለን የምንቀብር ነን። ግን ወገን ለወገን ብለን የምንጠራውን ነገር ብትገልጡት ብዙ ጊዜ ከሥሩ የምታገኙት ሆድ ነው። እትዬ ዘነበች ያለ እኛ ውሸት በልተው የሚያድሩ ሴት ናቸው፤ ምግባቸውም ጥሩ ነው። ራህማ ስለከፈተች ከድስታቸው የጎደለ ነገር አልነበረም። ያቺን ሴት ያለ ጥፋቷ የቀበርናት በነፃ ለሚገኝ አንድ ሰሃን ነው። ደግሞም ሁላችንም በላይ ባለው፣ በአባቴ፣ በእናቴ ብለን የምንምል፣ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም፣ መስጊድ የምንሰግድ፣ ቻርች የምንዘምር ሰዎች ነን።

ከዚያ ወዲህ እንግዳዬ የጠየቀኝ ቦታ አወርደዋለሁ። የኢትዮጵያ ምግብ ካለኝ እትዬ ዘነበች በር ላይ ነው የማቆመው፤ እሳቸውም ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ግባ ግን አይሉኝም። የስዋሂሊ ካለኝ ራህማ ጋ ይዤው እገባለሁ። ፒላው፣ በኮኮናት የተሠራ ዓሣ፣ ጠዋት ከሆነ ማሃምሪ ከአተር ጋር። ከሹፌሮቹ ሦስቱ እንደኔ መሥራት ጀምረዋል። የቀሩት እኔ ስመጣ ወሬ ይቀይራሉ፤ ገብሬ ስልኬን አያነሳም። ሲያትል ለመጣችሁ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው፤ ሹፌር ተዘግቷል ቢላችሁ አመስግናችሁ ውረዱና በሩን ራሳችሁ ግፉት።

ባለፈው ሰሞን ራህማ ቤት ምሳ ስበላ ስልኳ ጠራ። እጇ ሊጥ ስለነበር አንሳልኝ አለችኝ። በስክሪኑ ላይ ቀጭን ፊት ያላት ልጅ ታየችኝ።

"ሹፌሩ ነህ?" አለችኝ ዙሁራ። ነኝ አልኳት። አያቷ ስለኔ እንደነገሯት አወቅሁ፤ ምን ብለው እንደነገሯት ግን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

"ዛሬ ስንት ሰው አለ?" አለችኝ።

ሞልቷል ማለት አማረኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዞር ብዬ አየሁና እውነቱን ነገርኳት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው።

ጣቶቿን አጣጥፋ ቆጠረች። ከዚያ፣ "ትናንት አራት ነበሩ" አለችኝ።